ሰውን ለመሪነት የሚያበቃው ምንድን ነው?
(ከወላይታ ታሪክ የተገኙ አንዳንድ ማስረጃዎች)

የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ መሪዎች በሚጽፉበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ሰውየው ከዙፋኑ ወይም ከወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ምን እንዳዘዘ፣ ማንን ድል እንደ ነሣ፣ በማን እንደ ተሸነፈ በስፋት ይተርካሉ። ወደዚያ ወንበር ያደረሰው ጠባይ ምን እንደ ነበረ፣ ያንኑ ጠባይ የታደሉ ሌሎች ሰዎችስ ስለ ምን ከመንገድ እንደ ቀሩ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ጥያቄው ለታሪክ ተማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። በመማሪያ ክፍል ውስጥ አለቃ የሚመርጥ መምህር፣ በስብሰባ ላይ ሊቀመንበር የሚያስመርጥ ካድሬ፣ የጀግናን መልክ በሸራ ላይ የሚያሰፍር ሠዓሊ ሁሉ ሳያስበው በየቀኑ ይመልሰዋል።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ አገር ታሪክ ውስጥ ለመመልከት እንሞክራለን። አገሩ በምዕራብ ኦሞ፣ በምሥራቅ ብላቴ፣ በደቡብ የአባያ ሐይቅ የሚያዋስኑት፣ በመካከሉ የዳሞታ ተራራ ጉብ ያለበት የወላይታ ምድር ነው። ወላይታን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዚህ ምድር ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው መሪ ይባል ዘንድ የሚጠየቀው ጠባይ ቢያንስ አራት ጊዜ ተለዋውጧል። መለዋወጡም የተገኘው በሰዎች ምርጫ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በታላቅ መናጋት ነበር።

የጥንቱ ወላይታ በንጉሥ የሚተዳደር አገር ነበር። ንጉሡ ካዎ ይባላል። በአገሬው ትውፊት መሠረት የካዎዎቹ ሐረግ በተለያዩ ሥርወ መንግሥታት የተከፈለ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የወላይታ ማላ እና የትግሬ ማላ የሚባሉት በይበልጥ የታወቁ ናቸው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ገዥ ሆኖ ስሙ የተጠቀሰው ሞቶሎሚ በወላይታዎች ትውፊት የአገሩ ንጉሥ ሆኖ ይታወሳል። የትግሬ ማላ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው መሠረቱን ከሰሜን ያመጣ ቤት ነው ተብሎ ይነገራል። ሕዝቡ ማላ እና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች፣ በእነዚህም ሥር በብዙ ጎሣዎች የተደራጀ ሲሆን፣ ንግሥናው የማላ ወገን ነበር። እንግዲህ የላይኛውን ዙፋን በሚመለከት የመጀመሪያው በር ትውልድ ነበር ማለት ነው። በዚህ በር ላልገባ ሰው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢደፍር፣ የካዎነት ነገር አይነሣም።

ይሁን እንጂ አገር በካዎው ብቻ አይመራም። ከካዎው በታች ዳና፣ ኤራሻ እየተባሉ የሚጠሩ ሹማምንት ነበሩ፤ በየመንደሩም ጪማ የሚባሉት ሽማግሌዎች በዱቡሻው፣ ማለትም ሕዝቡ በሚሰበሰብበት መስክ፣ ተቀምጠው ነገር ይሰሙ፣ ይፈርዱ፣ ያስታርቁ ነበር። የሰው ጠባይ እውነተኛ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በጦር ሜዳ ወይም በአደን የታወቀ ደፋርነት ስምን ያስጠራል። ሀብትም ያስከብራል፤ ነገር ግን ሀብት ተደብቆ የሚያስከብር አልነበረም። ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ዳላ የሚባለውን ሥርዓት ያደርጋል፤ ከብቱ በሕዝብ ፊት ይታያል፣ ድግስ ይደገሳል፣ ዘመድና ጎረቤት ይበላል፣ ይጠጣል። ያልደገሰ ባለጠጋ በአገሬው ዓይን ገና ሰው አልሆነም። ከብት ያለው ለሌለው ሰው በኮታ ወይም በሐራ እየሰጠ የሚያረባበት ልማድም በአንድ በኩል የኢኮኖሚ ውል ሲሆን፣ በሌላ በኩል ተከታይን ማፍሪያ ዘዴ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ላሟን አብሮህ የሚያረባ ሰው በዱቡሻ ላይ ቃልህን አይጥልም።

ሦስተኛው፣ እኛ እንደምናምነው ከሁሉ የሚበልጠው፣ ቃል ነበር። የተጣሉትን ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ፣ ነገሩን አሳጥሮ መልሶ የሚያስረዳ፣ ፍርዱ ለወንድሙም ለባዳውም አንድ የሆነ ሰው ዕድሜው ሳይጠና እንኳ ከጪማዎቹ መካከል ቦታ ያገኛል። ከዚህ ዝቅ ባለው ደረጃ፣ ለእርሻና ለቤት ሥራ ጎረቤታሞች ተራ በተራ የሚረዳዱበት ዳጎ ሳይቀር፣ ሰውን አስተባብሮ ሳያስቀይም ማሠራት የሚችለውን ሰው ለይቶ ያሳያል። በዳጎ ያልታየ የአመራር ችሎታ በዱቡሻ ድንገት አይበቅልም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። ዱቡሻው ለሁሉም እኩል የተከፈተ አልነበረም። ብረት ቀጥቅጠው ማረሻውንና ጦሩን የሚሠሩት ዎጋቺያ፣ ቆዳ የሚፍቁት ደጌላ፣ አገሩ በሙሉ የሚበስልበትን ሸክላ የሚሠሩት ጪናሻ በጋብቻም ሆነ በማዕድ ተገልለው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም በታች በባርነት የተያዙ ነበሩ። በትዕግሥት፣ በብልሃት፣ በእጅ ሙያ ከማንም የማያንሱ ሰዎች በትውልዳቸው ብቻ ከአመራር ተከልክለዋል። ስለ መሪ ጠባያት የሚጻፉ አያሌ ጽሑፎች ድፍረትን፣ ታማኝነትን፣ አርቆ አሳቢነትን ሲዘረዝሩ፣ ጠባይ የሚታይበትን መድረክ ማን እንደ ያዘው አያነሡም። ከእሳቱ ፊት ቆሞ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ትዕግሥት የለውም የሚል ማን ነው? ትዕግሥቱን የሚቆጥርለት ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ካዎ ጦና እናምራ። ካዎ ጦና የካዎ ጋጋ ልጅ፣ የትግሬ ማላ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። ዙፋኑን የያዙት አገሪቱ በሙሉ በተናወጠችበት ዘመን ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት የሰሜኑንና የመካከለኛውን ክፍል ግጦሽ ባዶ አስቀርቶ ነበር፤ ከዚያም ድርቅና ረኀብ ተከታትለው ገቡ። ይህ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ጊዜ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይባላል። በዚያው ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ በማስፋፋት ላይ ነበሩ። ወላይታ ከብት የነበረው፣ እህሉና እንሰቱ ያልጠፋ አገር መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ከፖለቲካው ምክንያት ሌላ የሆድም ምክንያት ወደዚያ ይጎትት ነበር።

ቀደም ሲል የተላኩት ጦሮች ያሰቡትን ሳይፈጽሙ ተመልሰዋል። የወላይታ ምድር መከላከልን ያውቅ ነበር። በቀድሞው ካዎ በአማዶ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የካዎ አማዶ ኬላ የሚባለው የድንጋይ ካብ እስከ ዛሬ የሚታይ ምስክር ነው። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመ ይህን የመሰለ ሥራ አያሌ ሰው በአንድ ዓላማ ሳይሰማራ አይፈጸምም። ስለዚህ ካዎ ጦና የወረሱት ዙፋን ብቻ ሳይሆን፣ «ይህ አገር አይደፈርም» የሚል የትውልዶች እምነት ጭምር ነበር።

በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። ከሠራዊታቸው ጋር የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ጦር ነበረ። የዘመቻውን ታሪክ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ቫንደርሄይም የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው፤ መጽሐፉ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ታትሟል። ጠመንጃ የታጠቀ ሠራዊት በአንድ ወገን፣ ጦርና ጋሻ ይዞ በፈረስና በእግር የሚዋጋ ሕዝብ በሌላው ወገን ተገናኙ። ወላይታዎች አገራቸውን ስንዝር በስንዝር ተዋጉላት። ይህ ጦርነት በዚያ የማስፋፋት ዘመን ከተካሄዱት ሁሉ እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ ነው። የሞቱትን ቁጥር ጸሐፊዎች በእጅጉ አራርቀው ስለሚገምቱት ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ማቅረብ አያስኬድም። ቫንደርሄይም የንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 18,000 ከብትና 1,800 ምርኮኞች እንደ ነበረ ጽፏል፤ ይህ አኃዝ የቀረውን ለማሰብ ይበቃል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

የካዎ ጦናን ጠባይ በሚመለከት ሁለት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው፣ እጅግ ሲበዛ ደፋር፣ ለአገሩ ነፃነት የተሠዋ ጀግና ይላቸዋል። ሁለተኛው ደግሞ የጠላቱን ኃይል ሳይመዝን ሕዝቡን ለእልቂት የዳረገ ግትር ሰው ያደርጋቸዋል። የሁለተኛው ፍርድ ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት የጅማውን ንጉሥ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ፣ የምኒልክ ኃይል በእምባቦ ጦርነት ከታየ በኋላ፣ ያለ ውጊያ ለመገበር ተስማሙ። ይህን ምክር የሰጧቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ እንደ ሆኑ ይነገራል። በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ በ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ ዙፋናቸውን ጠበቁ፤ የጅማም ገበያ ደመቀ፣ ነጋዴውም በሰላም ወጥቶ ገባ። አንድ ሕዝብ የአንዲት እናት ምክር ከምን እንዳዳነው ለማወቅ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ የሆነችውን ማየት ይበቃል ይላሉ።

በእኛ አስተያየት ይህ ንጽጽር በአንድ ነገር ይጎድላል። የአባ ጅፋር አርቆ አሳቢነት ጅማን አድኗል፤ እውነት ነው። ይኸው አርቆ አሳቢነት ግን የጅማን ጦር በወላይታ ላይ አሰልፏል። የገበረ ንጉሥ ግብሩን በማርና በዝሆን ጥርስ ብቻ አይከፍልም፤ በጎረቤቱም ደም ይከፍላል። በሌላ በኩል፣ ካዎ ጦና እጃቸውን እንዲሰጡ ጊዜው ሳያልፍ ተመክረው ነበር የሚለውን ብንቀበል እንኳ፣ እርሳቸውን ለዙፋኑ ያበቃቸው ጠባይ ምን እንደ ነበረ መርሳት የለብንም። ኬላውን በሠሩ ሰዎች ልጆች ፊት የነገሠ ሰው ጦሩን ጥሎ ቢወጣ በዚያው ዕለት ካዎ መሆኑ ይቀር ነበር። ወደ ሥልጣን የሚያወጣ ጠባይ በሥልጣን ላይ ሳሉ እንደ ልብስ የሚወልቅ አይደለም። ካዎ ጦናን ያነገሠው ያው የአይደፈሬነት መንፈስ ከጦር ሜዳው አላስመለሳቸውም። ስለዚህ ግትር ማለቱ ቀላል ነው፤ ሌላ ዓይነት ሰው በዚያ ዙፋን ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበርን? ብሎ መጠየቁ ግን ይከብዳል።

ከ1887 ዓ.ም. በኋላ የነበረው ሥርዓት የሚፈልገው ሰው ሌላ ነበር። የነፍጠኛው አስተዳደር በዳሞታ ግርጌ፣ ኋላ ሶዶ በተባለችው ከተማ ተደላደለ፤ መሬቱና ገባሩ ተከፋፈለ። ከአገሬው ሰው መካከል ባላባት፣ ቆሮ፣ ጭቃ ሹም እየተባለ ለመሾም አማርኛ መቻል፣ የገዥውን ጠባይ ማጥናት፣ ግብሩን አሟልቶ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ወገናቸውን የገፈፉ ነበሩ። በገዥውና በገባሩ መካከል ቆመው ዱላውን ያለዘቡም ነበሩ። የአስታራቂነት ጠባይ በክፉ ዘመን መጥፎ መልክ ሊይዝ እንደሚችል ይህ ወቅት ያስተምረናል፤ ነገር ግን ዘመኑ ረጅም፣ የሚነገርለትም መልካም ነገር ጥቂት ስለ ሆነ እዚህ ላይ አንቆይበትም።

ከላይ የተሾመ ሳይሆን ከታች የተነሣ አመራር እንደገና የታየው ማንም ባልጠበቀው ስፍራ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የውጭ አገር የወንጌል መልእክተኞች ወደ ሶዶ ገቡ። ፋሽስት ኢጣልያ በ1929 ዓ.ም. ሲያባርራቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጠበቃቸው። ሃይማኖታዊውን ጉዳይ ለባለቤቶቹ እንተወውና የአመራሩን ነገር ብቻ እንመልከት። በእነዚያ ዓመታት ገንዘብ አልነበረም፤ ሹመት የሚሰጥ አካል አልነበረም፤ የማንበብ ችሎታም ቢሆን የጥቂቶች ነበር። ታስረውና ተገርፈው ያልተመለሱት ዋንዳሮ ደባሮ በዚህ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። ሕዝቡ እንዲህ ያሉትን ሰዎች የተከተላቸው ትውልዳቸውን ጠይቆ ወይም ከብታቸውን ቆጥሮ አይደለም፤ በግርፋት ጊዜ ቃላቸው አለመለወጡን አይቶ ነው። ቀድሞ በዱቡሻ የሚመዘነው ቃል አሁን በእስር ቤት ተመዘነ። ሥልጣን የሌለው መሪ የሚባል ነገር መኖሩን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ይህን የአምስት ዓመት ታሪክ ያንብብ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፍጥነቱ ሌላ ነው። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ዋዱ በሚል አጭር ስም የታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጥ ጀመር፤ አዲስ ነገር ቀድሞ የሚሞክር፣ ብድሩን በጊዜው የሚመልስ ገበሬ በጎረቤቶቹ ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ጥንት በዳላ ድግስ ይታይ የነበረው ክብር ወደ በቆሎ ማሳ ተሻገረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደግሞ መሠረቱ ከሥር ተነቀለ። ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ፤ ማኅበሩም ሊቀመንበሩንና የፍርድ ሸንጎውን ከራሱ አባላት መካከል መረጠ። ትናንት ጭሰኛ የነበረ ሰው የወሰን ክርክር ዳኛ ሆነ። በዚህ ምርጫ ላይ የጥንቱ መመዘኛ፣ ነገር አዋቂነትና ያለ አድልዎ መፍረድ፣ በብዙ ስፍራ እንደገና ብቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከላይ የሚወርደው መመሪያ እየበዛ ሲሄድ፣ ኮታ የሚያሟላና ሪፖርት የሚያደርስ ሊቀመንበር ተፈላጊ ሆነ፤ የቀድሞው ቆሮ በአዲስ ካፖርት ተመለሰ የሚሉ ቢኖሩ የሚደንቅ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ነበርና፣ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ በገዛ ቋንቋው ማንበብ የቻለ ገበሬ ሊቀመንበሩን የሚጠይቅበት ዓይን አገኘ። ይህ ከዘመቻው ፍሬዎች ሁሉ ትልቁ ይመስለናል።

የቋንቋው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ። ወላይትኛን ከጋሞኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ጋር ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤቶች በደረሰ ጊዜ፣ በኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በዚያ እንቅስቃሴ ፊት የቆሙት ሹማምንት ወይም ባለጠጎች አልነበሩም፤ በብዛት መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። መጽሐፉ ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አንድ መምህር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ አቧራ ውስጥ ሲቆም በየዓመቱ ምን ያህል ሰው ቃሉን ማመን እንደሚለምድ፣ የዚያን ጊዜ አስተዳዳሪዎች የገመቱ አይመስልም።

ከወላይታ ምድር ተነሥቶ እስከ አገሪቱ ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ወንበር የደረሰው ሰው መነሻውም ይኸው የትምህርት መንገድ ነው። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በ1957 ዓ.ም. በቦሎሶ ሶሬ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ተምረው፣ በፊንላንድ አገር በታምፔሬ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተው፣ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስተማሩ፤ ዲንም ሆኑ። ከዚያ የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት፣ በ2003 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እዚህ ደረጃ ያደረሳቸው ምን ዓይነት ጠባይ ነው? ጦር አልነበራቸውም፤ በትጥቅ ትግሉ ውስጥም አላለፉም። የሚያውቋቸው ሰዎች ረጋ ያሉ፣ የሚያዳምጡ፣ በሥራቸው የሚታመኑ ይሏቸዋል። የሚነቅፏቸው ደግሞ ኃይለኞቹ ሰዎች የተስማሙባቸው ማንንም ስለማያስፈሩ ነው ይላሉ። ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ አይመስለንም። ብዙ ኃይለኞች በተፋጠጡበት ቤት የማያስፈራ ሰው የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ ጪማዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ችግሩ በካዎ ጦና ላይ እንዳየነው ነው፦ ለወንበሩ ያበቃ ጠባይ ወንበሩ ላይም አብሮ ይቀመጣል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልል የተነሣው ተቃውሞ፣ የፈሰሰው ደም፣ ተከታትለው የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች በማዳመጥና በመታመን ብቻ የሚመለሱ ጥያቄዎች አልነበሩም፤ በስማቸው ለተሰጠው ትእዛዝም ተጠያቂነቱ ይከተላቸዋል።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመፍትሔው አካል ለመሆን ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በቴሌቪዥን ለሕዝብ አስታወቁ። በአገራችን ታሪክ ከላይኛው ወንበር የወረዱት አብዛኞቹ በሞት፣ በግዞት ወይም በሽሽት ነበር። ሶዶ ውስጥ ያን ምሽት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሲከራከር አምሽቷል ብንል ከእውነቱ የምንርቅ አይመስለንም፤ እኩሉ ደከሙ፣ እኩሉ ደፈሩ ይል ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ በእግራቸው ቆመው ሥልጣኑን ለተተኪያቸው አስረከቡና ወጡ።